ያለ ኳስ
ፍኖተ ሰላም ዳር ባለው የግጦሽ ሜዳ ጠዋት ጠዋት የማያቸው ሰውዬ ሸብተዋል፤ ግራ እጃቸው ላይ ብቻ ያረጀ ነጭ ጓንት ያጠልቃሉ። ስልካቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው እየቀረጹ በዶማ እጀታ አየሩን ይመታሉ። ከዚያ ቪዲዮውን በዝግታ እያጫወቱ ወገባቸው ከትከሻቸው ቀድሞ መዞሩን ያያሉ። ካልቀደመ ቁጭ ብድግ ሠርተው እንደገና ይመታሉ።

አንድ ቀን ጠጋ ብዬ፣ «የገና ጨዋታ ነው?» አልኳቸው።

«ጎልፍ ነው፣ ልጄ። አዲስ አበባ ጎልፍ ክለብ ውስጥ የሀብታም መምቻ ዱላ ተሸክሜ አረጀሁ። አንድ አሰልጣኝ አስተማረኝ። ውድድር ልገባ ስል ግን ‹ተሸካሚ ከአባል ጋር አይጫወትም› ብለው መለሱኝ።»

«ታዲያ አሁን ምን ያደርግልዎታል?»

«እችል እንደነበር የሚመሰክርልኝ ይሄ ስልክ ብቻ ነው።»

አሁን የቀረጹትን ቪዲዮ ከፈቱት። ወገባቸው ዘግይቷል። ደግመው አዩት።

«ምስክሬም ከዳኝ» አሉና ጓንቱን አወለቁ።