የይርገዱ የውሃ ተራ

ይርገዱ እጇን የተሰበረችው በሰባ ስምንት ዓ.ም. ክረምት፣ እንስራ አዝላ ከምንጭ ስትመለስ ነው። ከመካነ ሰላም ከተማ ወዲህ ያለው ጭቃ ወጣቱንም ይጥላል፤ ወጣት ግን ልብሱን ጠርጎ ይነሳል። እሷ ባሏን በፊተኛው ረሃብ ቀብራለች። አንድ ልጇን ካሳን ደግሞ በኋለኛው ረሃብ ለሰፈራ ወለጋ ወስደውባታል። ስትወድቅ የሚያነሳት አልነበረም።

ወጌሻው እጇን በቀርከሃ አሰረላት። የገበሬ ማኅበሩም ተሰብስቦ “አቅመ ደካማ ናት” አለና ጎረቤት በየተራ ውሃ እንዲቀዳላት ወሰነ። እንስራዋን ለጎረቤቷ ለንግሥቴ አስረከቡባት። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ መድኃኒቱ ሲበዛ ምን እንደሚሆን ግን የነገራቸው የለም።

ባለተራዋ ማለዳ ውሃውን ደጃፍ ታኖራለች፣ “እንደምን አደሩ፣ እመት ይርገዱ?” ትልና ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። የይርገዱ ቀን በዚያው አለቀ። ማን እንደታጨች፣ ማን ከሰፈራ አምልጦ እንደመጣ፣ ሁሉም የሚወራው ምንጩ ዳር ነበር። የካሳን ደህንነት የምትሰማውም እዚያው ነበር። እጇ ዳነ፤ እግሯ ግን ከመደብ ስትነሳ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ጥቅምት ላይ ከጤና ጣቢያ ለክትባት የመጣው ድሬሰር እጇን አገላብጦ አየና፣ “የሴት ልማድዎ ከቆመ ቆየ?” አላት። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ባሏ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋት አያውቅም።

“ኧረ ቆየ፤ ከፊተኛው ረሃብ ወዲህ አላየሁም።”

“ከዚያ ወዲያ የሴት አጥንት ይሳሳል፣ ረሃቡም ጎድቶዎታል። ተቀምጠው ሲውሉ ይብስብዎታል። ይራመዱ፤ ቀላል ቀላሉንም ይሸከሙ።”

ለጎረቤቶቿ ብትነግራቸው ሳቁባት። “እኛ እያለን!” አሉ። እናም አንድ ማለዳ ቅል ይዛ፣ በበትሯ ተደግፋ ቁልቁለቱን ጀመረች። ንግሥቴ እንስራ አዝላ ከኋላዋ ደረሰች።

“ያረቢ! እመት ይርገዱ! አሮጊት ውሃ አስቀዱ አይሉንም?” ቅሉን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች።

“ተይኝ በሞቴ! ውሃማ ሞልቶኛል። ያጣሁት ሰው ነው።”

ንግሥቴ እጇን ሰበሰበች። “እንግዲያ ቀስ ብለው ይውረዱ፣ እኔ ልጆቼን ትቼ ነው” ብላ ቀደመቻት።

ይርገዱ ድንጋይ ድንጋዩን እየመረጠች ወረደች። የሴቶቹ ሳቅ ከታች ይሰማታል። ንግሥቴ ሞልታ ስትመለስ አንገቷን ደፍታ አለፈቻት። ሌሎቹም በማዶው መንገድ ወጡ፤ ሳቁም ራቀ።

ስትደርስ ምንጩ ዳር የቀረው እንስራዎቹ የተቀመጡበት እርጥብ መሬት ብቻ ነበር። የካሳን ወሬ የሚነግራት ሰው የለም። ቅሏን ሞላች።

“ነገ ቀደም ብዬ እነሳለሁ” አለች፣ የሚሰማት ባይኖርም።