የጋሼ ሰይድ ልጅና የባሕር ወፎቹ

በጣም የምትወዱት ሰው አጠገባችሁ ሲያልፍ ሳታውቁት ቀርታችሁ ታውቃላችሁ? ባለፈው ሳምንት፣ በስደት በምኖርባት በዌስተርቪል ከተማ፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የባሕር ወፎች ሰፍረው ተማሪዎቼ «ስንት ዓይነት ናቸው?» አሉኝ። እንደ ልማዴ ላስረዳ ጀምሬ መሐል ላይ ተውኩት። በፈረንጆቹ የ2021 የበረዶ ወራት ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ የመምህርነት ትምህርቴን እየጨረስኩ እዚሁ አቅራቢያ ኦቤትስ፣ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ እሠራ ነበር። ለባዮሎጂ ኮርሴ የፓርኪንጉን ወፎች መዝግቢ ተብዬ በየብሬኩ ደብተር ይዤ እወጣለሁ። አብረውኝ ዕቃ የሚያሽጉት የደሴው ጋሼ ሰይድ በረዶው ላይ ቆመው ሳምቡሳቸውን እየገመጡ ያሾፉብኛል።

«አስተማሪት፣ እነዚያ ቡናማዎቹ የሌላ ዘር ናቸው፤ ጻፊው።»

«አይደሉም ጋሼ፣ ልጆች ናቸው። ዓይነቱ ሁለት ነው፤ ትንሹ ነጭና ግራጫ ለመሆን ሦስት ዓመት ይፈጅበታል፤ ትልቁ ደግሞ አራት።»

«ታዲያ በምን ትለያቸዋለሽ? ሁሉም አፉ ላይ ጥቁር ቀለበት አለው።»

«ቀለበቱ ያታልላል። ትልቁም ሳያድግ እንደዚያ ያወጣል። መጀመሪያ መጠኑንና አቋቋሙን ነው ማየት።»

«እኔ ልጄን ለማወቅ ምልክት አያስፈልገኝም» አሉና ስልካቸውን አወጡ።

ልጃቸውን ኢብራሂምን ደሴ ለአክስቱ ትተውት የመጡት በአሥር ዓመቱ ነው፤ ያኔ አሥራ ስድስት ሞልቶት ነበር። ቪዛው በኮሮና ምክንያት ዘግይቶበት በየቀኑ በቪዲዮ ይደውሉለታል። ስልኩ የሚያሳያቸውን፣ ከአንገቱ በላይ ያለውን፣ በቃላቸው ያውቁታል።

በረዶው ሲቀልጥ ቪዛው መጣ። በኔ መኪና ኤርፖርት ሄድን። ጋሼ ሰይድ በግምት የገዙትን ትንሽ ጃኬት ክንዳቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከሰው ደረት በታች ጥለው ትንሽ ልጅ ይፈልጋሉ። ሁሉም ሰው ማስክ አድርጓል። አንድ ቀጭን፣ ረጅም ጎረምሳ ሻንጣ እየጎተተ መጣ።

«ዞር በይለት፣ መንገድ ዘጋንበት» ብለው እጅጌዬን ሳቡኝ።

አለፈን። እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰና ጎንበስ ብሎ፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ አማርኛ ሲናገሩ የሰማሁ መስሎኝ ነው። አባቴን እየፈለግኩ ነበር» አላቸው።

በድምፁ አወቁት። ማስካቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኢብሮ፣ እኔ ነኝ» አሉ። ሲያቅፉት ጭንቅላታቸው ደረቱ ላይ ነበር። ጃኬቱን አልሰጡትም።

መኪና ውስጥ «ካጠገቤ አለፈ እኮ» ይላሉ ደጋግመው። ልጁ በመስኮት እያየ፣ «እኔም አላወቅኩህም፣ አባ» አለ። ስለ ማስኩ፣ ስለ ስልኩ ካሜራ ላስረዳቸው አስቤ ነበር። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን ስድስቱን ዓመት አይመልስም። መንዳቴን ቀጠልኩ።

ለተማሪዎቼ ሳልነግራቸው የቀረሁት ይህን ነው። ወፉን ሲያድግ ባናየውም ዕድሜውን ከላባው እናነባለን። ልጅ ግን እንደዚያ የሚነበብ ነገር አያስቀምጥልንም፤ ሲያድግ አጠገቡ ካልነበርን አመለጠን ማለት ነው።

ሩቅ አገር ልጅ ያላችሁ፣ እስቲ በሚቀጥለው ስትደውሉ ይህን ሞክሩ፦ ስልኩን ግድግዳ አስደግፎ ወደ ኋላ እንዲሄድ ንገሩት። በሩ አጠገብ ይቁም። አናቱ የበሩ የቱ ጋ እንደሚደርስ እዩ።