የባንቺዓለም ሰባት ፈረሱላ

ቢቸና ውስጥ ድግስ ያሰበ ሰው ቀኑን የሚቆርጠው መጀመሪያ ባንቺዓለምን ጠይቆ ነበር። ጠማቂዋም፣ ዳስ ጣዩም የሚጠሩት እሷ እሺ ካለች በኋላ ነው። ሠርግም ይሁን ተዝካር፣ ሦስት መቶ ሰው የሚበላውን ወጥ ከሽንኩርቱ እስከ መከለሻው የምትመራ ባለሙያ ነበረች። ትውልዷ ሞጣ ስለሆነ በጥርና በግንቦት ከዚያም ይላክባታል። የሞጣ ሰዎች ታዲያ ሁልጊዜ ሁለት በቅሎ ነበር የሚልኩት፤ አንዷ ስትደክም በሌላዋ እንድትለወጥ።

ባንቺዓለም ወፍራም ነበረች። በዚያ ጊዜ ይህ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም ቀጭን ወጥ ሠሪ ማን ያምናል? ባሏ ፋንታ ገበያው ዳር የእግር መኪና ዘርግቶ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። «የሚስቴን ቀሚስ የሰፋ ሰው ድንኳን መስፋት አያቅተውም» እያለ ይኮራባት ነበር። ጉልበቷ ግን አልኮራም። አርባ ዓመት ሲሞላት ከቤቷ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ሦስት ቦታ ተቀምጣ ታርፍ ጀመር።

በ1959 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ደም አስመለሳት። ጨጓራዋን ሲያማት ከርሟል፤ እሷ ግን «በርበሬው ነው» እያለች ችላ ብላው ነበር። ፀበሉም የሐኪም ኪኒኑም አላቆመላትም። በመጨረሻ አዲስ አበባ በወታደርነት የሚኖረው ወንድሟ ኃይለ ሚካኤል መጥቶ፣ በጭቃው እስከ ደጀን በጭነት መኪና፣ ከዚያ በአውቶቡስ ዓባይን አሻግሮ ሆስፒታል አስገባት። አንድ የውጭ አገር ሐኪም መስከረም ላይ ኦፕራሲዮን አድርጎ ከጨጓራዋ ከግማሽ በላዩን ቆርጦ አወጣው።

ስትድን ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ፤ አንዲት የሆስፒታሉ አስታማሚ ተረጎመችላት።

«ጨጓራዎ ከእንግዲህ የአንድ ጡጫ ያህል ነው። ትንሽ ትንሽ፣ በቀን ስድስት ጊዜ ይብሉ። ሕመሙም ይተዎታል፣ ውፍረቱም ይቀንሳል። የሚቀንሰው ግን ቀስ ብሎ ነው።»

ባንቺዓለም ሁሉንም ሰማች፤ «ቀስ ብሎ» የሚለውን ግን አልሰማችም። ሚዛን ላይ አቁመዋት መቶ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሲሏት በፈረሱላ ስንት እንደሚሆን ወንድሟን ጠየቀችው። አሥራ ሰባቱን ኪሎ አንድ ፈረሱላ እያለ ቆጥሮ፣ ሰባት ፈረሱላ አላት።

«ሰባት ፈረሱላ ቡና ተሸክሜ ነዋ የኖርሁት» አለች። ሐኪሙ አምስት ብትገባ ለጉልበቷ እንደሚበቃት ነግሯት ተሰናበተች። እሷም አምስቱ በገና ይደርሳል ብላ አሰበች።

እንዲህ ያሰበችው እሷ ብቻ አልነበረችም። ፋንታ ከግማሽ በላይ ጨጓራዋ መውጣቱን በደብዳቤ ሲሰማ፣ ግማሽ ጨጓራ ከወጣ ግማሽ ሚስት ነው የምትመለሰው ብሎ ቀመረ። በሌለችበትም ሌት ተቀን ሠርቶ ጥሩ ነጭ ቀሚስ ሰፋላት። ኅዳር ላይ ከመኪና ስትወርድ አያት፤ ሄዳ የነበረችው ባንቺዓለም ያችው ራሷ ናት። ቀሚሱ ከትከሻዋ አላልፍ አለ። እንኳን አተረፈሽ ሊሉ የመጡት ጎረቤቶችም ከእግር እስከ ራሷ ሲቃኟት፣ አንዲት አሮጊት «ታዲያ ምኑን ነው የቆረጡልሽ?» ብለው ጠየቁ።

ቀሚሱ በመጨረሻ ለረዳቷ ለጥሩአየሁ ተሰጠ። ጥሩአየሁ ገና ሃያ አምስት ያልሞላት፣ እንደ ሸንበቆ የቀጠነች፣ እጇ ፈጣን ሴት ነበረች። ልክ ሆናት። በየበዓሉ እሱን ለብሳ በባንቺዓለም ፊት ውር ውር ስትል፣ ባንቺዓለም ጥፋቷን ፈልጋ ታጣና ሽንኩርቱን ደቀቅ አድርገሽ ክተፊ ትላታለች።

አበላሏ ግን በእርግጥ ተለውጦ ነበር። ምግቧን በሲኒ እየሰፈረች ነው የምትበላው፤ አንድ ሲኒ ሙሉ ሽሮ በቁራሽ እንጀራ፣ ሌላ ጊዜ አንድ ሲኒ እርጎ። ከሲኒው ካለፈች ደረቷ ላይ ድንጋይ የተጫነባት ያህል ያስጨንቃታል። አንድ ቀን ብርዝ ቢያቀርቡላት አንድ ብርሌ ጠጥታ፣ ላብ አጥለቅልቋት ልቧ እየደለቀ ግማሽ ቀን ተኛች። ከዚያ ወዲህ ማር ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር።

በጥር ለሠርግ ሞጣ ስትሄድ ሙሐመድጣሂር ዘንድ ጎራ አለች። ሙሐመድጣሂር ኑግና ቆዳ የሚነግድ፣ በሞጣ ትልቁ ባስኩል ያለው ሰው ነው። በሚዛኑ ስም አገር ያምነዋል። ባንቺዓለም ነጠላዋን አስቀምጣ ባስኩሉ ላይ ወጣች። መቶ አሥራ አራት ሆነ። ስድስት ፈረሱላ ከአሥራ ሁለት ኪሎ! በአራት ወር የሄደላት አምስት ኪሎ ብቻ ነው። የአንገቷ ብር ይሆናል ብላ አውልቃ ደግማ ወጣች፤ ባስኩሉ ለብሩ ግድ አልነበረውም።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ባንቺዓለም ከልጅነቷ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትቀምስ የጾመች ናት፤ አሁን በቀን ስድስት ጊዜ ብሊ ተብላለች። ለንስሐ አባቷ ለአባ ገብረ ክርስቶስ ነገረቻቸው። እሳቸው ብዙ አሰቡና መፍትሔ አገኙ።

«ጾሙን በዓይነቱ ጠብቂ፣ ከሰዓቱ እኔ ፈትቼሻለሁ» አሏት። «ሥጋና ወተት ካልነካሽ ስድስቱን ጊዜ ብዪ። ግን ልጄ፣ በር ዘግተሽ ብዪ።»

በሩን ዘግታ በላች። ይሁን እንጂ የቢቸና በር ቀዳዳ አያጣም። በሦስተኛው ቀን ባንቺዓለም በሁዳዴ ጠዋት ትበላለች የሚለው ወሬ ገበያ ወጣ፤ የማትቀንሰውም ለዚህ ነው ተባለ። አባ ገብረ ክርስቶስ ራሳቸው ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ማስረዳት ነበረባቸው። እንዲያስረዱላት የለመናቸው ፋንታ ቢሆንም፣ ጨጓራዋ በጉባኤ መነገሩን ከወሬው ይበልጥ የጠላችው ባንቺዓለም ናት።

ግንቦት ደረሰ፤ ለሠርግ እንደገና ሞጣ ሄደች። ሃምሳ አምስት ቀን ያለቅቤ ከርሜ፣ በሲኒ በልቼ፣ አሁንስ ምን ይላል ብላ የሙሐመድጣሂር ባስኩል ላይ ወጣች። መቶ አሥራ አራት ተኩል።

ባስኩልህ ተበላሽቷል አለችው። ሰውየው ሌላ ስድብ ቢሆን በቻለው ነበር፤ ይህ ግን ክብሩ ነው። አንድ መቶ ኪሎ የተባለ የኑግ ከረጢት አስመጥቶ አስጫነ። መቶ ልክ ሆነ።

«ኑጉ ቅር አላለውም፣ እትዬ» አላት።

ባንቺዓለም ወርዳ እዚያው ኑጉ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ሆዴን ተቀድጄ፣ ጾሜን ለሰው አፍ ሰጥቼ፣ ለግማሽ ኪሎ ጭማሪ ነው ወይ አለች። ሙሐመድጣሂር የሚያደርገው ቢጠፋው ሚስቱን ኸይራትን ጠራ። ኸይራት የባንቺዓለም እኩያ ናት፤ ልጆች ሳሉ ከአንድ ምንጭ ውኃ ቀድተዋል። ሻይ ያለስኳር አመጣችላት፤ ሠርጉ ጎረቤት ስለሆነ ነገ ሽንኩርት ልልጥልሽ እመጣለሁ አለቻት። «ሥጋችሁን ባልበላም ሽንኩርት ሃይማኖት የለውም።»

በማግስቱ ኸይራት ከዳሱ ጀርባ፣ ድስቶቹ ከተጣዱበት አጠገብ ተቀምጣ ስትልጥ ዋለች። ባንቺዓለም ከድስት ድስት ትዞራለች፤ በማማሰያው ጫፍ ከወጡ ታነሣና ግራ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትልሳለች፤ ጨው ትላለች፣ በርበሬው አልበሰለም ትላለች፣ ደግሞ ትልሳለች። እኩለ ቀን ላይ ኸይራት ጠርታ ቀሚሷ ላይ የተከመረ ያልተላጠ ነጭ ሽንኩርት አሳየቻት። ፍሬ ፍሬውን እየለየች አስቀምጣው ነበር።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ምሳሽ ነው» አለች ኸይራት። «በቀመስሽ ቁጥር አንድ አንድ አስቀመጥሁ። ሃምሳ ሦስት ነው፤ ሁሉም ቅቤ ያለበት።»

ባንቺዓለም መጀመሪያ ተቆጣች። ይህ መብላት አይደለም፣ ሥራ ነው፤ ሳይቀምስ የሚሠራ ወጥ ሠሪ የት አለ አለች። ኸይራት ረመዳንን አስታወሰቻት፤ ሠላሳ ቀን ሙሉ ሳንቀምስ እናበስላለን፣ ማታ ጾሙ ሲፈታም ማንም አይሰድበንም አለቻት።

ባንቺዓለም ማማሰያዋን ድስቱ ጠርዝ ላይ አስደገፈች። የፋሲካ ዋዜማ ነው ትዝ ያላት። ያን ዶሮ ወጥ አገር ሁሉ እየጾመ ነው የሚሠራው፤ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ በየዓመቱ ሳትቀምስ ሠርታዋለች፣ ጨው አነሰው የተባለችበት ዓመት የለም። «እንግዲያስ ከዛሬ ጀምሮ ለእኔ ሁልጊዜ የፋሲካ ዋዜማ ነው» አለች።

መናገሩ ቀላል ነበር። ሰኔ ላይ ቢቸና፣ አቶ ወልደ ኪዳን የሚባሉ ባለርስት ለአባታቸው ተዝካር ሲያወጡ፣ መቅመሱን ለጥሩአየሁ ሰጠች። ባንቺዓለም ጨው በዓይኗ ለክታ ጨመረች፤ ጥሩአየሁ ጨው ሳይሟሟ ቀምሳ «የለውም» ብላ ደገመችበት። እንግዳው እየበላ ጠላውን ጠጣ፤ ደግሞ ጠጣ፤ ለሁለት ቀን የታሰበው ጠላ ከሰዓት በፊት አለቀ። አቶ ወልደ ኪዳን እንዲህ ያለ ጠላ ዕድሜዬን አላየሁም ብለው ጠማቂዋን ሸለሙ። የጠማቂዋ ዘሮች ያንን ሽልማት ሲያወሩት ሰምቻለሁ፤ ባንቺዓለምም እስከ ዕለተ ሞቷ አላፈረሰችባቸውም።

እጇ ግን ልማዱን አልተወም። ሳታስበው መዳፏ ወደ ምላሷ ይሄዳል። በመጨረሻ ግራ እጇን በጨርቅ ጠመጠመችው። ምን ሆነሽ ሲሏት «ተቃጥያለሁ» ትላለች። ቀስ በቀስ የቁሌቱን ድምፅ ማድመጥ፣ እንፋሎቱን ማሽተት ለመደች፤ ጥሩአየሁም ጨው እስኪሟሟ መታገሥን ተማረች።

ኸይራት ደግሞ አንድ ሕግ አወጣች። ባስኩሉ ላይ በዓመት ሁለቴ እንጂ አትወጪም አለች። ባንቺዓለም ከዚያ ውጭ ከመጣች ሙሐመድጣሂር ኮስተር ብሎ «ባስኩሉ ዛሬ አሞታል» ይላት ነበር። በሚቀጥለው ጥር መቶ ስምንት ሆነች። በግንቦት መቶ አምስት። ከዚያ አንድ ሙሉ ዓመት ከመቶ ሁለት ፈቀቅ አላለችም፤ ይህን ጊዜ ግን አላለቀሰችም፣ ተሳደበችና ወረደች። በ1963 ዓ.ም. ዘጠና አምስት ገባች። አምስት ፈረሱላ ከአሥር ኪሎ መሆኑ ነው። አምስቷን ድፍን አላገኘቻትም። የቢቸናም ሰው መቅጠኗን ልብ ያለው ቀጥና ካበቃች በኋላ ነው፤ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ስለሄደ ማንም የሄደበትን ቀን ሊጠቅስ አልቻለም።

በዚያው ዓመት ከየጥኖራ አንዲት ወይዘሮ፣ ሰብለ ወንጌል የሚባሉ፣ ባንቺዓለምን ፍለጋ ቢቸና መጡ። እሳቸውም ሰፋ ያሉ ናቸው። የት ሆስፒታል እንደተቆረጠች፣ ምን ያህል እንደሚያምና ከዚያ በኋላ እንደልብ ይበላ እንደሆን ጠየቋት። ባንቺዓለም ምንም ሳትደብቅ የሲኒውን፣ የብርዙን፣ የነጭ ሽንኩርቱንና የዓመቶቹን ነገር ነገረቻቸው። ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል በጥሞና አዳመጡ። ምሳ ቀርቦ ነበርና ሦስት እንጀራ በሥጋ ወጥ በሉ፤ ወጡ እጅግ እንደጣፈጣቸውም መሰከሩ።

«ከፍልሰታ በኋላ አስብበታለሁ» አሉ እጃቸውን እየታጠቡ።

ባንቺዓለም ከከተማው ግርጌ እስካለው ወንዝ በእግሯ ሸኘቻቸው። ስትመለስ ዳገቱን ወጥታ ቤቷ እስክትደርስ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቆመችው፤ እሱም የእንግዳዋን ነገር ለጎረቤት ለማውራት።