የዘይነባ ማግ

ባለፈው ሰሞን ደብረ ታቦር አንድ ሱቅ ገብቼ ያልታጠበ አዲስ ሸማ ሸተተኝ። ትንሽ የአቧራ፣ ትንሽ የገለባ ሽታ አለው። ሻጩ "እናቴ፣ ይግዙ እንጂ!" እያለ ይጨቀጭቀኛል፤ እኔ እቴ፣ የት ሰምቼው! በጃንሆይ ጊዜ አርብ ገበያ ዳር የነበሩት ሸማኔ፣ አያ እንድሪስ፣ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ።

ቤታቸው ከገበያው ወዲያ ለብቻዋ ነበረች። ከግድግዳው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ እግራቸውን ሰደው፣ መወርወሪያዋን ከእጅ እጅ ሲያመላልሱ ይውላሉ። ከጋይንት እስከ ስማዳ ሰዉ እሳቸው የሠሩትን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ ዞር ሲል ግን "ቁጢት በጣሽ" እያለ በሸማኔነታቸው ይሰድባቸዋል። ክር ለመስጠት ካልሆነ ደጃቸውን የሚረግጥ ክርስቲያን አልነበረም። ሚስታቸው ዘይነባ ሞተዋል፤ ልጅም የላቸው። ዘይነባ ፈትለው የተዉት ልቃቂት በሙዳይ እንዳለ ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ለምን እንደማይሠሩት የጠየቀ እንደሆነ፣ "የሷ እጅ ነው" ብለው መወርወሪያቸውን ያነሳሉ።

እናቴ የሞተችው ለአባቴ ጋቢ ስትፈትል ነው። አሥር ዓመቴ ነበር። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ሰውን ሁሉ ሲያጽናኑ ኖረው ለራሳቸው ቃል ጠፋቸው። ከአክስቴ ጋር ሆነን የፈተለችውን ይዘን ሄድን። አያ እንድሪስ ልቃቂቱን በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉና፣ "ቄሴ፣ ድሩ ይበቃል። ማጉ ግን ዳሩ ጋ ሲደርስ ያልቃል" አሉ።

አክስቴ ከገበያ ገዝተን እንጨምር ስትል አለቀስኩ። የማንም ክር እናቴ ላይ እንዲገባ አልፈለግሁም።

"አታልቅሺ ልጄ" አሉ አያ እንድሪስ ሙዳዩን እያወረዱ። "የማንም አይደለም፤ የዘይነባ ነው።"

አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የእስላም ሚስት ክር በቄስ ጋቢ! አባቴ ግን ሙዳዩን አይተው፣ "ኧረ በራስዎ አይጨክኑ" አሉ።

"ባዶ ቤት ከሚሰቀል ቢለበስ ይሻላል።"

ጋቢው ተሠራ። ከዚያ ወዲህ አባቴ አርብ አርብ እሳቸው ዘንድ ጎራ ይሉ ጀመር። ሥጋ አይበላሉም፤ ቆሎ ይቆረጥማሉ። ብዙም አያወሩም። አያ እንድሪስ የጋቢውን ዳር ወደ ጉልበታቸው ስበው ይዳብሱታል፣ አባቴ እንዳላዩ ይሆናሉ። እኔን ያስቀኝ ነበር። ምን አውቄ!

አያ እንድሪስ የሞቱ ዕለት አባቴ ጋቢውን አወረዱና ቢላዋ አምጪ አሉኝ። አክስቴ "ኧረ በማርያም! የሟች እጅ ይቆረጣል?" ብላ ጮኸች።

"ድሩ የሚስቴ፣ ማጉ የሚስቱ" አሉ አባቴ። "ብቻውን አይሄድም።"

እንባቸው እየወረደ ዳሩን ቆርጠው፣ አስከሬኑን ለሚከፍኑት ወስደው ሰጡ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩና በሁለት እጃቸው ተቀበሏቸው።

ጋቢው ዛሬ እኔ ጋ ነው። ስተኛ እግሬን አይሸፍንም፤ ክረምት ሲገባ ብርዱ ጣቶቼን ያንገበግበኛል። ልጆቼ "እናስቀጥልልሽ" ይሉኛል። ወግዱ እላቸዋለሁ።