የሆኪ ቡድናችን ቃለ ጉባኤ

ባለፈው ቅዳሜ የአባዬን ምድር ቤት ሳጸዳ ከካርቶኖቹ ሥር አንድ ሰማያዊ ደብተር አገኘሁ። እርጥበት አብጦታል። ሽፋኑ ላይ በእኔው የልጅነት ጽሕፈት «የሆኪ ቡድን ቃለ ጉባኤ» ይላል። ገና ሳልከፍተው ውስጡ ያለው ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ልጆች ሆነን፣ ቤተ ክርስቲያናችን እሁድ እሁድ የምትከራየው አዳራሽ ፍራንክፈርት፣ ኒደርራድ ሰፈር፣ ከትልልቆቹ የቢሮ ሕንጻዎች ጀርባ ነበር። አምልኮው ሲያበቃ ትልልቆቹ ለስብሰባ ይቀመጣሉ። እኛ ባለጎማ መንሸራተቻ ጫማችንን እናስርና ፓርክፕላትዝ በምንለው ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ሆኪ እንጫወታለን። በረዶ የለን፣ ኳሳችን የቴኒስ፣ ጎላችን ሁለት ሁለት የውሃ ጠርሙስ ሳጥን። ዝናብ የመታው አስፋልትና የዱላዎቻችን ፕላስተር ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። የወላጆቻችን ልጆች ነንና ያለ ኮሚቴ አንጫወትም ነበር። ሊቀ መንበር ነበረን፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበረን፤ ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ።

አንድ ዓመት ላይ ቡድኑ ተበተነ። ሁለት ቤተሰብ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ስማችንን ያስጠሩልን ሱራፌልና ሁለት ጓደኞቹም አድገው ሥራ ያዙ፤ ሱራፌል አሥራ ዘጠኝ ሞልቶት ሳክሰንሃውሰን ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ሳህን ያጥብ ነበር። ስድስት ቀረን። የሳክሰንሃውሰን ልጆች ደግሞ ከፋሲካ በፊት ግጥሚያ ጠይቀውናል። ስለዚህ ቡድኑን እንደ አዲስ ለማቋቋም ስብሰባ ተጠራ፤ ወይ የድሮዎቹን ጀግኖች ለምነን እንመልሳለን፣ ወይ ትንንሾቹን እናስገባለን።

«ትንንሾቹ» ይባል እንጂ ሁላችንም የምናስባት አንዷን ነበር፤ የዘጠኝ ዓመቷን እህቴን ሐናን። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የጠበበኝን ጫማ እናታችን አፍንጫው ውስጥ ካልሲ ጠቅጥቃ ሰጥታት፣ እኔ ሁለት ዓመት የፈጀብኝን ወደ ኋላ መንዳት እሷ በአንድ እሁድ ቻለችው። ቀድሞ የወጣን ጆሮ በኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው ማለት ይኸው ነው። ቀናሁ፤ ምግብ እስኪዘጋኝ ቀናሁ።

ቢሆንም ጫማውን እንኳ እችለው ነበር። ያቃጠለኝ የአዳራሹ መስኮት ነው። አባዬ የጉባኤው ሽማግሌ ነበር፤ ከስብሰባ ተነስቶ አያውቅም። ስንት እሁድ «አባዬ፣ ዛሬ እየኝ» ብዬው «እሺ ልጄ» እንዳለ ቀርቷል። ሐና መንዳት ከጀመረች ወዲህ ግን ቀና ባልኩ ቁጥር መስኮቱ ላይ አየዋለሁ። መጋረጃውን በአንድ እጁ ገለጥ አድርጎ፣ በሌላው የሻይ ብርጭቆ እንደያዘ ብቻውን ይስቃል። እኔም እኮ እዚያው ሜዳ ላይ ነበርኩ።

ስብሰባው ደረጃው ላይ ተካሄደ። ሊቀ መንበራችን ሚኪያስ ለትንንሾቹ ቆመ። «ሱራፌልማ ጉልበቱን ያመዋል፣ ሲጋራም ጀምሯል። አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል ትላለች እማዬ። ደግሞስ ለከርሞ ማን ሊጫወትልን ነው?» አለ። ሌላው «እስከ ከርሞ ማን ደረሰ? ግጥሚያው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሱራፌል በአንድ እግሩም ይበቃናል» ብሎ ተከራከረ። እጅ ሲወጣ ሦስት ለትንንሾቹ፣ ሁለት ለድሮዎቹ ሆነ። የቀረሁት እኔ ነበርኩ። እጄን ለድሮዎቹ ባወጣ እኩል እንሆናለን፤ እኩል ከሆንን የሚወስነው ሚኪያስ ነው።

እጄን አላወጣሁም። «አባዬ ሐናን ከልክሏታል። ትንንሽ ልጆች ይሰበራሉ ብሏል» አልኩ።

ክርክሩ እዚያው ሞተ። ጋሽ ተፈራ የገዛ ልጃቸውን ከከለከሉ የማን ወላጅ ይፈቅዳል? ገብቶ እውነት ነው ወይ ብሎ ሽማግሌ የሚጠይቅ ልጅ ከመካከላችን አልነበረም። ይህንን አውቄ ነው የተናገርኩት። በደብተሩም «አቶ ተፈራ ስለከለከሉ ትንንሾች እንዳይገቡ ተወሰነ» ብዬ አሳምሬ ጻፍኩ።

ሐና ጫማዋን አስራ ጨርሳ ነበር። በጀርመንኛ «ሽቲምት ዳስ?» አለችኝ፤ እውነት ነው ወይ ማለቷ ነው። «እውነት ነው» አልኳት። አንዱን ገመድ ፈታች፣ ቆየችና ሌላውን ፈታች። በእኛ ቤት አባዬ የከለከለው ነገር ሁለተኛ አይጠየቅም። በሳምንቱ አባዬ መስኮቱ ላይ ቆሞ ሲፈልጋት አየሁት። ማታ «ሐና ምነው ተወችው?» ሲለኝ «ሰልችቷት ነው» አልኩ።

የግጥሚያው ቀን ሱራፌል የመጥበሻ ዘይት እየሸተተ መጣ፤ ጓደኞቹ ከእንቅልፍ አልተነሱም። በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ሁለት ጎል አገባ፤ ከዚያ በኋላ ጉልበቱን ይዞ ቆመ። አራት ለሁለት ተሸነፍን። መጨረሻ ላይ እኔ የመታሁት ኳስ ሳጥኑን ገጭቶ ተመለሰ። መስኮቱን ቀና ብዬ አየሁት፤ መጋረጃው ዝግ ነበር።

ያን ቀን እኔ ስለምጫወት ደብተሩን ለሐና ሰጥቻት ነበር፤ እንደ ውለታ ቆጥሬው። ቡድኑ ዳግም አልተሰበሰበምና የጻፈችውን አላየሁም ነበር። ቅዳሜ ዕለት ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ካርቶን ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ሰንበት ትምህርት ቤት በተማረችው ጠማማ ፊደል «ውጤት 4 ለ 3። ሦስተኛውን ጎል ያገባችው እህቴ ሜሮን ናት» ይላል። ከሥሩ አስምራበታለች።

ዛሬ የልጆች ጨዋታ አሰልጣኝ አለው፣ የራስ ቁር አለው፣ ወላጁም አጥሩን ተደግፎ ተሰልፎ ያያል። ሐናም ከነሱ አንዷ ናት፤ የልጇን ካፖርት ታቅፋ ትቆማለች። እሷ ራሷ ከዚያ ወዲህ ባለጎማ ጫማ አላሰረችም። አባዬ ሰማንያ አልፎታል። የልጅ ልጁ ሲነዳ ባየ ቁጥር «እናትህ ከአንተ ትበልጥ ነበር፤ ሰለቻትና ተወችው» ይላል። ሐና የከለከላት እሱ ራሱ መስሏት ካፖርቱን አጥብቃ ታቅፋለች። እኔም እውነቱን አልነግራቸውም።

ነገ አባዬም ሐናም እኔ ዘንድ ምሳ ይበላሉ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። የእኔን ገጽ ልቀድደው አስቤ ነበር፤ ግን በወረቀቱ ጀርባ ያለው የእሷ ጽሑፍ ሆነብኝ። ያኔ በእግሯ ቀንቼባት ነበር። ዛሬ ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ያቺን ሦስተኛ ጎል በሰጠኝ ልቧ እቀናለሁ።