ማሽላ የሚዘራበት አገር

ታላቅ እህቴ ለትምህርት የምትሄድበትን አገር ስትመርጥ ከቤታችን ሐሳብ ያልሰጠሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቴ ቱርክን ወደደ፤ አዛን የሚሰማበት አገር ይሁንላት አለ። እናቴ የትም ይሁን፣ ብቻ ብርድ አይኑርበት አለች። እናቴ አንድ ጊዜ ደብረ ብርሃን አድራ ስለመጣች ስለ ብርድ ስትናገር ከሚሴ ውስጥ የሚከራከራት የለም። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎታችን ደግሞ ጀርመን ካልሆነ ጆሮዬንም አልሰጥም ብሎ ነበር።

እህቴ ሁሉንም አዳመጠች። የግብርና ባለሙያ ናት፤ በጨፋ ሸለቆ ያሉትን ቀበሌዎች እየዞረች ገበሬ ስታማክር ስለምትውል የሰው ወሬ ሳታቋርጥ መስማት ለምዳለች። ሲጨርሱ፣

"የምሄደው ሕንድ ነው" አለች።

አጎቴ ሳቀባት። "ምንሽን አመመሽ? ሕንድ ሰው የሚሄደው ለኩላሊት ነው።"

"ኩላሊቴ ደህና ነው አጎቴ። እኔ የምማረው ስለ ማሽላ ነው። ጀርመን ማሽላ አይዘሩም።"

"ታዲያ ጥሩ ነዋ፣ አንቺ ታስጀምሪያቸዋለሽ።"

እሷም አብራን ሳቀች፤ ከዚያ ለአባቴ አቀንጭራን አነሳችለት። አቀንጭራ ከማሽላ ሥር ተጣብቆ የሚበቅል፣ ሐምራዊ አበባ ያለው አረም ነው። አበባው ሲያዩት ያምራል፤ ማሽላውን ግን ከመሬት በታች ሆኖ ይጠባዋል። አባቴ በየዓመቱ እየነቀለ ይጥለዋል፣ በየዓመቱ ይመለሳል። ሕንድ ውስጥ ደረቅ በሆነው አገራቸው ማሽላ እንደሚዘሩ፣ ይህንኑ ዓይነት አረም እንደሚታገሉ፣ እሷን የሚያስተምሩት ሰው ዕድሜያቸውን በዚህ ላይ እንዳሳለፉ ነገረችው። አባቴ ቱርክን ዳግመኛ አላነሳም።

እኔ ይህን ሁሉ ከስፌት መኪናዬ ኋላ ሆኜ ሰማሁ። ትምህርት ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ያስገደደኝ ሰው የለም። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመሽ መልሺ ስባል ጉሮሮዬ ይዘጋ ነበር፤ የማውቀውን እንኳ መናገር አልችልም። ልብስ መስፋት ዝም ብለው የሚሠሩት ሥራ ስለሆነ ተስማማኝ። እህቴ ግን ለማታውቃቸው ሰዎች፣ አፏን ባልፈታችበት ቋንቋ ደብዳቤ ትጽፋለች። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች አንቀበልም አሏት። ሦስተኛው እስኪቀበላት ድረስ አንድም ቀን ከሥራ ቀርታ፣ ፊቷንም አጥቁራ አላየኋትም። እኔ ብሆን ከመጀመሪያው በኋላ አልጋ ውስጥ እገባ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ሲቀበላት የቪዛው ወረቀት ፍለጋ ተጀመረ። ከቀበሌ፣ ከፖሊስ፣ ከሆስፒታል፣ ከተማረችበት ዩኒቨርሲቲ። ፓስፖርቷን ለማውጣት ደሴ ተመላለሰች። የልደት ቀኗ በእኛ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈበትን ወረቀት ሁሉ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር አስለውጣ ከፓስፖርቷ ጋር እስኪገጥም አመሳከረች። አንድ ጸሐፊ ነገ ነይ ሲላት፣ "ነገ በስንት ሰዓት?" ብላ ትጠይቀውና በዚያው ሰዓት በሩ ላይ ትቆማለች። አትለምንም፣ አትጮህም። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ጸሐፊው ራሱ አፍሮ ይፈርምላታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከቤታችን ውጭ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በእኛ ዘንድ የሴት ልጅ ጉዞ፣ እርግዝና፣ የቤት ግዢም ቢሆን ሳያልቅ አይወራም። ዓይን ይፈራል። እናቴ በዚህ ነገር ከሁሉም ትብሳለች። አንድ ቀን አጠገቧ አስቀመጠችኝና ፈተነችኝ።

"ጎረቤት ቢጠይቅሽ?"

"የትም አትሄድም።"

"ዘመድ ቢጠይቅሽ?"

"የትም አትሄድም።"

"ከመንግሥት ነኝ፣ ከኤምባሲ ነኝ ቢልሽስ? የሰው ተንኮል አያልቅም።"

"የትም አትሄድም።"

"አብሽሪ፣ ካንቺ አፍ አይወጣም" አለችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዝምታዬ የተመሰገነው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ፎርሙ ላይ የቤተሰብ ስልክ የሚል ቦታ ነበረው። እህቴ የአባቴን ቁጥር ሞላች። አባቴ ስልክ ይዞ እርሻ መውረድ ስለማይወድ ቀን ቀን ስልኩ የሚውለው እኔ ጋ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ማናችንም አላሰብነውም።

አንድ ረፋድ የጅልባብ ጠርዝ ስሰፋ ስልኩ ጠራ። የአዲስ አበባ አነጋገር ያላት ሴት ናት።

"ከኤምባሲ ነው የምደውለው። ለትምህርት ቪዛ ያመለከተች ልጅ የቤተሰብ ስልክ ብላ ይህን ቁጥር ሰጥታለች። እርስዎ ምኗ ነዎት?"

"እህቷ ነኝ።"

"ወደ ሕንድ ለትምህርት ልትሄድ መሆኑን ያውቃሉ?"

"የትም አትሄድም።"

ወረቀት ሲገለበጥ ሰማሁ። "እርግጠኛ ነዎት?"

የምታምነኝ ስላልመሰለኝ ጨመርኩበት። "ኒካዋ ሊታሰር ነው። ባሏ ሩቅ አገር አይፈቅድም።"

ሴትየዋ አመሰግናለሁ ብላ ዘጋችው። ደስ አለኝ። ለማላውቀው ሰው ያን ያህል ቃል ሳልደናቀፍ ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ ነገርኳት፤ ማሻ አላህ አለችኝ።

አመሻሹ ላይ እህቴ ከጨፋ ጫማዋ ላይ ጭቃ ይዛ ገባች። ነገርኳት። ስልኩን ተቀብላ ቁጥሩን አየች፤ የአዲስ አበባ የመስመር ስልክ ነው። አግዳሚው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"ቃል በቃል ንገሪኝ። ምን አልሽ?"

ቃል በቃል ነገርኳት።

"ለማን ነው የዳርሽኝ?" አለች።

"ስም አልጠራሁም።"

እናቴ ደረቷን ይዛ ጥፋቱ የእኔ ነው እያለች ማልቀስ ጀመረች። እህቴ ለእሷ ውሃ ቀዳችላት። የሁለት ዓመት ልፋቷ በእኔ አፍ ተበላሽቶ እሷ እናቴን ታጽናናለች።

በማግስቱ እህቴ ኤምባሲ ደወለች። ማመልከቻው እንደተያዘ፣ ቤተሰቡ ስለ ጉዞው አያውቅም የሚል ነገር እንደተጻፈበት፣ ማስረዳት ከፈለገች ሰኞ በአካል እንድትመጣ ነገሯት። አጎቴ ይህን ሲሰማ ኮቱን አራገፈ። "እኔ ልሂድ። አፌን ታውቁታላችሁ።"

"አፍህን ስለማውቅ ነው አጎቴ። አንተ ከሄድክ ሌላ ውሸት የመጣ ነው የሚመስላቸው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት። ድምፅዋንም ያውቁታል። እሷ ትናገራለች።"

አልችልም አልኩ። እታመማለሁ አልኩ። ደብዳቤ ልጻፍ ብዬም ለመንኳት። "ስትችዪ አይቻለሁ" አለችኝ፣ "ባሏ አይፈቅድም ያልሽው ማን አስጠንቶሽ ነው?"

መንገዱ ደህና ነው በተባለበት እሁድ ማለዳ በሚኒባስ ተነሳን። ከሚሴን ስንለቅ ዓይኗን ጨፍና ወደ መስኮቱ ዞረች። አጣየን አለፍን፣ ሸዋ ሮቢትን አለፍን፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። ደብረ ሲና ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ወርዳ ቆሎ ገዛችና ግማሹን እጄ ላይ አፈሰሰችው።

"እቴ፣ ለምን አትሳደቢም?" አልኳት። "ብትሰድቢኝ ይሻለኛል።"

"ከከሚሴ እስከዚህ ስሰድብሽ ነው የመጣሁት። በሆዴ። አሁን ጨርሻለሁ፤ ብዪ።"

እውነትም ጨርሳ ነበር። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ እስክንገባ በመስኮት የምናየውን ማሳ ሁሉ ስትነግረኝ ሄደች፤ ይህ ስንዴ ነው፣ ይህ ባቄላ ነው፣ ይህኛው ዘግይቶ የተዘራ ነው።

ሰኞ ኤምባሲው መስኮት ፊት ቆምን። ከመስታወቱ ኋላ የነበረችው ሴት ስትናገር ድምፅዋን ወዲያው ለየሁት። እህቴ ወረቀቷን አስገባችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቆመች። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ያ የድሮው ነገር ጉሮሮዬን ያዘኝ። ዞሬ ሳያት መሬት መሬት ታያለች፤ ልትረዳኝ አላሰበችም።

"ያኔ በስልክ ያናገርኩዎት እኔ ነኝ" አልኩ። "ዋሽቻለሁ። እህቴ ልትማር ነው። ባል የላትም።"

ሴትየዋ ብዕሯን አስቀመጠች። "ለምን ዋሸሽ?"

"በእኛ አገር ጉዞ ሳያልቅ አይነገርም። የሰው ዓይን ይፈራል። እናቴ ከኤምባሲ ነን ቢሉሽም አትናገሪ ብላኝ ነበር።"

"ከኤምባሲ ብንደውልም?"

"በተለይ ያኔ።"

ሴትየዋ አልሳቀችም፤ ከንፈሯን ግን ነከሰች። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ። "እሺ፣ ቤተሰቡ የሚያውቅ ከሆነ፣ ለምን ሕንድን እንደመረጠች ንገሪኝ።"

ነገርኳት። ስለ አቀንጭራ ነገርኳት፤ አበባው ምን እንደሚመስል፣ ከሥር ሆኖ እንዴት እንደሚጠባ፣ አባቴ ስንት ዓመት እንደነቀለው። አጎቴ ጀርመን እንዳለ፣ ጀርመን ማሽላ እንደማይዘራ። ሁለት ዩኒቨርሲቲ እንቢ እንዳላት፣ ጸሐፊዎቹ በር ላይ እንዴት እንደምትቆም። ማንም ስላላቋረጠኝ ቀጠልኩ። ስለ እሷ ስናገር ጉሮሮዬ እንደማይዘጋ ያን ቀን አወቅሁ። ሴትየዋ እየሰማች ትጽፍ ነበር። በመጨረሻ ውሳኔው የእሷ እንዳልሆነ፣ የተናገርኩትን ግን እንደምታስገባ ነግራን የሚቀጥለውን ሰው ጠራች።

ውጭ ስንወጣ እህቴ ሻርፔን አስተካከለችልኝና "ጸሐፊዎቹን ማንሳት አልነበረብሽም" አለች። ሌላ ምስጋናም ወቀሳም አልሰጠችኝም።

ለሳምንታት ጠበቅን። እሷ እንደ ወትሮው በማለዳ ወደ ጨፋ ትወርዳለች፤ የምታማክራቸውን ገበሬዎች ስም፣ የትኛው ማሳ ምን እንደጎደለው፣ እሷን ለሚተካት ሰው ብላ በደብተር ትጽፋለች። ቪዛው ይምጣ አይምጣ ገና አይታወቅም። ባይመጣስ አልኳት። "ደብተሩ ለእኔው ይጠቅመኛል" አለች።

መጣ። አዲስ አበባ ሄዳ ፓስፖርቷን ይዛ የተመለሰች ቀን አባቴ ከእርሻ ገብቶ ውዱእ እያደረገ ነበር። እጁን አድርቆ ፓስፖርቱን ተቀበለ፤ የማያነበውን ገጽ ለረጅም ጊዜ አየው። አልሐምዱሊላህ አለ። እናቴ እያለቀሰች ወደ ጓዳ ገባች። አባቴ ፓስፖርቱን ሲመልስላት የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"እዚያ ማሽላ የሚዘሩት መቼ ነው?"

"እንጃ አባ" አለችው። "ስደርስ ጠይቄ እደውልልዎታለሁ።"

"እንዳትረሺ፣ ኢንተለ ኮ" አላት በኦሮምኛ፣ ልጄ ማለቱ ነው።

ሕንዶቹም እንደ እኛ ክረምቱ ሲገባ፣ በሰኔ እንደሚዘሩ እህቴ ታውቃለች። ከወራት በፊት ጅልባብ ስሰፋ አጠገቤ ተቀምጣ አንብባልኝ ነበር። ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷም አየችኝ። ዝም አልኩ። አባቴ የሶላት ምንጣፉን ሊያነጥፍ ሄደ፤ ከዚያ ሩቅ አገር የሚጠብቀው መልስ አለው።