የመጋዘኑ በጀት

ሊይዙኝ የመጡት ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች አዲስ ካፖርት ለብሰው ነበር። የእጥፋቱ መስመር ገና አልለቀቀም፤ የሱቅ ሽታው ከእነሱ ቀድሞ ቢሮዬ ገባ። ያን ካፖርት አውቀዋለሁ። በከተማው ስብሰባ ላይ ቆሜ የተከራከርኩበት ካፖርት ነው። አንደኛው የሰፈሬ ልጅ ስለነበር ዓይኔን ማየት አቃተው። "ለጥቂት ጥያቄ ነው ጋሼ" አለኝ። ጥቂቷ ጥያቄ ከዓመት በላይ ፈጀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የአሰላ ማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ የከተማው በጀት በእጄ ያልፋል። ለታችኛው ሰፈር የቦኖ ውሃ ማስገቢያ ተብሎ የተቀመጠ ገንዘብ ነበር። ሴቶቹ ቁልቁል ወርደው ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ ነው የሚቀዱት፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሕፃናት በተቅማጥ ያልቃሉ። የጥበቃ ጓዶቹ ደግሞ ያንኑ ገንዘብ ለካፖርት፣ ለጫማና ለሁለተኛ የዘብ ቤት ጠየቁ። የጭላሎ ብርድ እንኳን ቆሞ ለሚያድር፣ ቤቱ ለተኛም አይመችም፤ እሱን አልካድኩም። ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ተነሥቼ "የካፖርቱ ግማሹ ይቆይና ውሃው ይቅደም። ለመሆኑ በዚህ ከተማ ከሌባውና ከውሃው የትኛው ነው ብዙ እናት ያስለቀሰው?" አልኩ። ሰብሳቢው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ጓድ፣ የአብዮቱን ጠባቂ ዕርቃኑን አስቀርተህ ለማን በር ልትከፍት ነው?" አለኝ። ከዚያ ድምፅ ተጠየቀ፤ አዳራሹ ሙሉ እጅ ወጣ። የእኔ ብቻ ጭኔ ላይ ቀረች።

የታሰርኩበት ቤት የተወረሰ የእህል መጋዘን ነበር። አንድ የኢተያ ነጋዴ ገብስና ስንዴ ያከማችበት ነበር ይባላል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ከየስንጥቁ የማይጠፋው የገብስ አቧራ ነው፤ አስነጠሰኝ። ከጨለማው ውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ "ይማርህ! ግባ፣ እንኳን ደኅና መጣህ። የሻማ ይዘሃል?" አለኝ። ሰዎች ሳቁ።

"የሻማ" አዲስ ገቢ ለክፍሉ የሚያዋጣት ናት። ጠያቂው ካቦው ነው፣ የክፍሉ አለቃ፤ በንጉሡ ዘመን ፖሊስ የነበረ ሃምሳ አለቃ፣ ዕድሜው ከእኔ የሚቀራረብ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው። ምን አድርጎ እንደታሰረ አልጠየቅኩትም፤ እዚያ ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ ነውር ነው። ሥራዬን ሲሰማ "እሰይ! ማዘጋጃ ቤት ራሱ መጣልን" አለ። እስክፈታ ድረስ ስሜ "ማዘጋጃ" ሆኖ ቀረ።

መቀመጥ አልቻልኩም። ከተቀመጥኩ ሚስቴ ምን ብላ ለልጆቹ እንደነገረቻቸው አስባለሁ። ስለዚህ ከግድግዳ ግድግዳ እመላለሳለሁ፣ የተኛ ሰው እግር እረግጣለሁ፣ እሰደባለሁ። "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ የአውድማ በሬ እንኳ ፈትተውት ያርፋል!" አለኝ አንዱ። ሲመላለስ የሚውል ሰው ግን ዓይኑ ሥራ አይፈታም። የክፍሉን አኗኗር አየሁት።

ከየቤቱ የሚመጣው ስንቅ በአንድ ይቀላቀላል፤ ጠያቂ የሌለውም ከዚያው ይበላል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን መጀመሪያ የሚነሣው የካቦውና የሦስት "ጸጥታዎች" ድርሻ ነበር። ጸጥታ የምንላቸው ጠብ የሚገላግሉ፣ ሰልፍ የሚያሲዙ ጉልበታም እስረኞች ናቸው። ጣሪያው የማያፈስበት ደረቅ ጥግ የእነሱ ነው። በቴርሞስ የምትገባው ወተት የእነሱ ናት። በበርሜል ከሚገባው ውሃም ቀድመው የሚቀዱት እነሱ ናቸው።

ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል አንድ ከጎበሳ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ተኝተዋል። አገራቸው ሩቅ ነው፤ ጠያቂ የላቸውም። ግርሻ ይዟቸዋል፤ ትኩሳቱ ለቀቅ ያደርጋቸውና ተመልሶ ይጥላቸዋል። ከእኛ ጋር የታሰረ ድሬሰር ነበር፣ የክሊኒክ የጤና ረዳት፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ቁጥብ ሰው። ግንባራቸውን ዳሰሰና "መድኃኒቱን ዘቦቹን ለምኛለሁ። እስኪመጣ ወተትና ውሃ ካላገኙ፣ ከዚህ ርጥበት ካልተነሡ፣ አይተርፉም" አለኝ። እንዲሁ ቁርጡን ነገረኝ።

ካቦው ዘንድ ሄድኩ።

"ሃምሳ አለቃ፣ ወተቷ ለሽማግሌው ትሁን።"

"ለጸጥታዎቹስ?"

"ውሃ ይጠጡ!"

ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ቆረጠው። "ስማ ማዘጋጃ። እኔ እዚህ ስገባ ጸጥታ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ሰው በብርድ ልብስ ጠብ ታንቆ ሞቷል፣ እዚህች አንተ የቆምክባት ላይ። ልጆቹ ካልጠገቡ አይቆሙልኝም። እነሱ ካልቆሙ ደግሞ ለሽማግሌህ ወተት ቀርቶ ጠብታ ውሃ አይደርሳቸውም።"

ሰውየው እውነት አለው፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው። የከተማችን ሰብሳቢ ያን ዕለት እንዲህ አድርጎ ቢያስረዳኝ ኖሮ ቢያንስ እንከራከር ነበር። ወደ ሽማግሌው ዞሬ አየሁ፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ጠብታው ከጣሪያው ሰሌናቸው ላይ ይወርዳል። እውነት ሁለት ሲሆን ምን ይደረጋል? ተመልሼ መመላለሴን ቀጠልኩ።

እሑድ እሑድ የክፍሉ ጉባኤ ነበር። አትሳቁ፤ በዚያ ዘመን ሦስት ሰው ከተገናኘ ሰብሳቢ ይመርጣል። እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። "ጸጥታ ይኑር፤ ያስፈልገናል። ግን መጀመሪያ ሕመምተኛው፣ ቀጥሎ ሁላችን፣ ከዚያ በኋላ ጸጥታዎቹ። የምለው ይኸው ነው።" ድንገት ከኋላ አንዱ "ጸጥታ ይፍረስ!" ብሎ ጮኸ።

ኧረ እኔ እንደሱ አላልኩም! "ቆይ፣ ቆይ" ልል አፌን ስከፍት እጆች መውጣት ጀመሩ። በየጥጉ ወጡ፣ ክፍሉ ሙሉ ወጣ። ዞር ብዬ ሳይ ሦስቱ ጸጥታዎችም እጃቸውን አውጥተዋል። ራሳቸውን ሊያፈርሱ! ሁሉ እጁን ሲያወጣ ያስቀረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ያን ጊዜ የኖረ ያውቀዋል፤ ክንዳችን እኛን ሳይጠይቅ ይነሣ ነበር። ያላወጣው ካቦው ብቻ ነው። ጋቢውን አራግፎ ተነሣና "በሙሉ ድምፅ! መልካም። ነገ ስንቅ ሲገባ እንተያያለን" አለ።

ተያየን። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ስንቁ ገባ፣ በሩ ተዘጋ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ተነሣ። አገልግል ተገለበጠ፣ ሽሮው መሬት ላይ ፈሰሰ። ድሬሰሩ ሊገላግል ገብቶ ግንባሩን በጣሳ ተፈነከተ። ቴርሞሱ ከእጅ ወደ እጅ ሲነጠቅ አየሁት፤ ሲወድቅና የውስጡ ብርጭቆ ሲሰበር ደግሞ ሰማሁት። ወተቱ ከገብሱ አቧራ ጋር ተቦካ። "ኧረ በእግዚአብሔር! ኧረ በአላህ!" እያልኩ እጮሃለሁ፤ ማን ሰምቶኝ! ሽማግሌው ካሉበት ሆነው ግርግሩን በትኩሳት ዓይናቸው ያያሉ። የፈሰሰውን ወተት አይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ተንደርድሬ ካቦው ፊት ቆምኩ። "ደስ አለህ?"

"አላለኝም። ወተቷ አሳዘነችኝ።"

"ቆመህ አየህ እኮ!"

"አፈረሳችሁኛ!" አለ፤ ድምፁ ውስጥ ቅያሜ ነበረበት። ያን ጊዜ ነው መከፋቱ የገባኝ። እኔ ሰውየውን ሆዳም ብቻ አድርጌ ነበር የያዝኩት።

ትንሽ ተመላለስኩና ተመለስኩ። "ሃምሳ አለቃ፣ ሠርግ ላይ አሳልፈህ ታውቃለህ?"

"እንዴታ! በአርቦዬ በኩል እኔን የሚስተካከል አሳላፊ አልነበረም።"

"አሳላፊ መቼ ነው የሚበላው?"

"ሰው ሁሉ ከበላ በኋላ ነዋ።"

"ታዲያ ጦሙን ያድራል?"

"ጦሙን! ለራሱ ሳያስቀር? የትኛው ጅል አሳላፊ ነው?" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ገና ፊቱ ላይ እንዳለ ነገሩ ገባው። "አንተ ነገረኛ ነህ" አለ።

"ማስቀረት ግን የለም። እያንዳንዳችን ከድርሻችን አንድ አንድ ጉርሻ እንተውላችኋለን። እሱን መጨረሻ ላይ ትበላላችሁ።"

"ልጆቹ እሺ አይሉም።"

"አንተ መጨረሻ ከበላህ ይላሉ።"

በማግስቱ ስንቁ ሲገባ ጋቢውን ወገቡ ላይ አደግድጎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጭልፋ ይዞ መሐል ቆመ። "በየረድፋችሁ ተቀመጡ! የሚገፋ ሠርጉን ይልቀቅ!" ሰው ሳቀ፤ እየሳቀ ተቀመጠ። ጸጥታዎቹ ሽማግሌውን ከነሰሌናቸው አንሥተው ደረቁ ጥግ አስተኟቸው። ካቦው ራሱ አንገታቸውን ደግፎ በጣሳ ወተት አጠጣቸው። "ረቢ ሲፍ ሃ ኬኑ" አሉት በኦሮምኛ፤ ፈጣሪ ይስጥህ ማለታቸው ነው። "አሚን፣ አባ ኮ" ብሎ እንደ አባቱ ጠርቷቸው ወደ ማሳለፉ ሄደ። እኛ ጉርሻ ጉርሻችንን ተውን። አራቱ እሷን በልተው ተነሡ። ብዙ አልነበረችም፤ ግን የሰረቀ አልነበረም፣ የተደባደበም አልነበረም።

ሽማግሌው ዳኑ። መዳናቸውን ያወቅነው እንጀራውን ቆርሰው "ይኼ ቆዳ ነው እንጀራ?" ብለው የተቆጡ ቀን ነው። ድሬሰሩ አቅፎ ሳማቸው።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ ስንቁ እየታደለ ሳለ በሩ ተከፈተና የካቦው ስም ተጠራ። "ዕቃህን ይዘህ ውጣ።" ያ ጥሪ መፈታትም፣ መዛወርም፣ ሌላውም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ከዘቡ ዓይን ይነበባል። ዘቡ መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው።

ካቦው ጭልፋው በእጁ ነው። "አንድ ረድፍ ቀርቶኛል፤ ላሳልፍ" አለው። ዘቡም፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ቆሞ ጠበቀው። ሳይቸኩል አሳለፈ። ቀጭኑን አላሳነሰበትም፣ ወፍራሙን አላበዛለትም። የመጨረሻው ሰው እኔ ነበርኩ። ከወገቡ ጋቢውን ፈትቶ ሽማግሌው ላይ ጣለና ጭልፋውን ለእኔ ሰጠኝ።

"ሃምሳ አለቃ፣ ትንሽ ቅመስ እንጂ" አልኩት።

"ሰው ሳይጨርስ?" አለ፤ የተሳደብኩ ያህል ቆጣ ብሎ። ወጣ። በሩ ተዘጋ።

እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መጨረሻ ብላ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሰውየው በባዶ ሆዱ ሄደ። የተውንለትን ጉርሻ በአንድ ሣህን ሰብስበን አስቀመጥን። እዚያ በተራበ ክፍል ውስጥ፣ ጸጥታ ሳይቆምበት፣ አንድ ሰው እንኳ እጁን አልሰደደባትም። ደርቃ ነው የጣልናት።

አሁን እኔም ሽማግሌ ነኝ። አሰላ ሰፍታለች፤ ታችኛው ሰፈርም ቧንቧ ገብቶለታል፣ ውሃው ደስ ሲለው ይመጣል። የከተማው በጀት ለውይይት ሲቀርብ አሁንም ሄጄ እሰማለሁ። ለጸጥታ ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል እየተባለ ሲጯጯሁ ሁለቱም እውነት አላቸው እላለሁ። እጄን አውጥቼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "ሲያጥር ማነው መጨረሻ የሚበላው?" ወጣቶቹ "አባባ ደግሞ ጀመሩ" ብለው ይሳሳቃሉ። ይሳቁ።

ሠርግ ቤት ግን አመሌን አልተውኩም። ሣህኔ ሲቀርብልኝ ነጠላውን ያደገደገውን አሳላፊ ክንዱን ይዤ አጠገቤ አስቀምጠዋለሁ፤ አንድ ጉርሻም ጠቅልዬ አነሣለሁ። "ኧረ ጋሼ፣ ወግ አይደለም፣ እኔ በኋላ እበላለሁ" ይለኛል።

"አውቃለሁ" እለዋለሁ። "አፍህን ክፈት።"